የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለየትኛው ቁጥር የትኛው ግራፍ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ያነሣሉ። ቁጥሩ ተሰብስቧል፣ ኮምፒውተሩም አለ፤ ግን የትኛውን ግራፍ እንምረጥ? የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፣ አንዳንዱ በሁለት መስመር አልቋል። «እንበል» ብለን ያስገባናቸው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። በየሩብ ዓመቱ የዘጠኝ ቀበሌዎችን የክትባት ሽፋን በፓይ ቻርት አቀርባለሁ። ኃላፊያችን «ያምራል» ይሉኛል፤ ግምገማው ላይ ግን የትኛው ቀበሌ ወደ ኋላ እንደቀረ ከቻርቱ የሚያነብ ሰው የለም። ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው? (ከደቡብ ጎንደር)

መልስ፦ ለዚህ ዓይነት ቁጥር ፓይ ቻርት ጭራሽ አይሆንም። ክቡ የሚያገለግለው ቁርጥራጮቹ ተደምረው አንድ ሙሉ ነገር ሲሆኑ ብቻ ነው። የክትባት ሽፋን ግን ለየቀበሌው በየራሱ ሕፃናት ቁጥር ተካፍሎ የወጣ ነው፤ የዘጠኙን ፐርሰንት ቢደምሩት ምንም አይሆንም። ኤክሴል ይህን አያውቅልዎትም። የሰጡትን ቁጥር ደምሮ ያካፍላል። እንበል ዘጠኙ ቀበሌዎች በአማካይ 80 በመቶ ሸፍነዋል፤ ድምሩ 720 ይመጣል። ስለዚህ 80 በመቶ የከተበው ቀበሌ 11 በመቶ የሚል ቁራጭ ይደርሰዋል፤ 60 በመቶ ላይ የቀረው ደግሞ 8 በመቶ ገደማ። በ20 ነጥብ የሚራራቁት ሁለት ቀበሌዎች ክቡ ላይ በ3 ነጥብ ብቻ ይለያያሉ። ያንን ደግሞ ዓይን አይለየውም።

በምትኩ አግድም ባር ይሥሩ። አንደኛ፣ ቻርቱን ከማስገባትዎ በፊት ሠንጠረዡን በሽፋኑ መጠን ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደርድሩት፤ በቀበሌ ቁጥር ወይም በፊደል ተራ አይተዉት። ሁለተኛ፣ ኤክሴል አግድም ባርን ከታች ወደ ላይ ስለሚሥል ዝርዝርዎ ተገልብጦ ይመጣል። የቀበሌዎቹ ስም ያለበትን ዘንግ ሁለቴ ተጭነው «ካቴጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ሦስተኛ፣ በባሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ማለትም «ጋፕ ዊድዝ» የሚለውን፣ ወደ 50 በመቶ አካባቢ ዝቅ ያድርጉት። አራተኛ፣ ቁጥሩን በየባሩ ጫፍ ላይ ይጻፉና ከበስተጀርባ ያሉትን የመለኪያ መስመሮች ያጥፏቸው፤ ሁለቱ አብረው አያስፈልጉም። ሁሉንም ባር በአንድ ዓይነት ግራጫ ቀለም አድርገው ከዕቅድ በታች የሆኑትን ብቻ በሌላ ቀለም ቢለዩ ሰብሳቢው ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም።

ፓይ ቻርት መቼ ይሠራል? ቁርጥራጮቹ ከአራት ወይም ከአምስት ሳይበልጡ፣ ድምራቸውም 100 በመቶ ሲሆን ነው። በእጅ ለሚሥል ተማሪ አንድ በመቶ 3.6 ዲግሪ ነው፤ ሩቡ 90 ዲግሪ ይሆናል። «ከአንድ በላይ መልስ መስጠት ይቻላል» ተብሎ የተሞላ መጠይቅ ድምሩ ከ100 ስለሚያልፍ ክብ ውስጥ አይገባም። ባለ ሦስት አውታር የሚባለውን ወፍራሙን ፓይ ግን አደራ ይተዉት። ፊት ለፊት ያለው ቁራጭ የጎኑ ውፍረት ስለሚጨመርለት ከድርሻው በላይ ትልቅ ይመስላል።

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድና መጊል የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎች ሰው የትኛውን የሥዕል ዓይነት አጥርቶ እንደሚያነብ በሙከራ አሳይተዋል። በአንድ መስመር ላይ ያለ የነጥብ ቦታ ከሁሉ የተሻለ ይነበባል፤ ርዝመት ይከተለዋል። ማዕዘንና ስፋት ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ የወተት ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሽያጩን በወር በወር በመስመር ግራፍ ስሠራ ጳጉሜን ላይ ቁልቁል ይወርድና መስከረም ላይ ይወጣል። የቦርድ አባላት በየዓመቱ «እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። ጳጉሜንን ላውጣት ወይስ ላስቀራት? ሌላው ደግሞ በየቀኑ የምመዘግበውን ኤክሴል ላይ በቀን ቅደም ተከተል ሳስተካክል ጥቂት ቀኖች መጨረሻ ላይ ይሰባሰባሉ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱም ጥያቄዎች ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። ሶፍትዌሩ የተሠራው ለፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እርስዎ የሚመዘግቡት ደግሞ በእኛ ነው።

ከጳጉሜን እንጀምር። እንበል በቀን 400 ሊትር ይሸጣሉ። ባለ 30 ቀኑ ወር 12,000 ሊትር ይሆናል፤ አምስት ቀን ያላት ጳጉሜን 2,000 ብቻ። ሽያጩ ምንም ሳይለወጥ መስመሩ ወደ ስድስተኛው ይወርዳል። ማውጣት አይገባም፤ ያወጡት ወተት ተሸጧል፣ የዓመቱ ድምርም ይጎድላል። ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሁሉንም ወር ወደ ቀን አማካይ መለወጥ ነው፤ ወሮቹን ለ30፣ ጳጉሜንን ለ5 (በአራት ዓመት አንዴ ለ6) ማካፈል። ሁለተኛው «ነሐሴና ጳጉሜን» ብሎ አንድ ላይ መደመርና ለ35 ማካፈል ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። የአምስት ቀን አማካይ ለብቻው ሲቆም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገበያ ብቻውን ያሽከረክረዋል፤ መስመሩ አሁን ቁልቁል በመውረድ ፈንታ ሽቅብ ይወጣና የቦርዱ ጥያቄ ባለበት ይቀጥላል። የመረጡትን መንገድ ግን በግራፉ ግርጌ በአንድ መስመር ይጻፉት፤ ያለፉትን ዓመታትም በዚያው መንገድ እንደገና ያስሉ።

ጳጉሜን በሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥም ተደብቃ ትገባለች። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ አንደኛው ሩብ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንንና መስከረምን ይይዛል፤ 95 ቀን ማለት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ 90 ናቸው። በቀን 400 ሊትር የሚሸጥ ማኅበር በአንደኛው ሩብ 38,000፣ በሁለተኛው 36,000 ያስመዘግባል። ማንም ሳይሰንፍ አንደኛው ሩብ ከሌሎቹ ከ5 በመቶ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሁለተኛው ሩብ ግምገማ ላይ «ለምን ቀነሰ?» የሚለው ጥያቄ ስንት ቦታ የሚነሣው በዚህ ብቻ ነው።

ወተትና ቅቤ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የሚከብደው ዐቢይ ጾም ነው። ፋሲካ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 8 ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 27። ስለዚህ በ2015 ሚያዝያ ውስጥ የተጾመው ሰባት ቀን ብቻ ሲሆን በ2016 ግን 26 ቀን ነው። የሁለቱን ዓመት ሚያዝያ ጎን ለጎን በባር ቢያቆሟቸው የሚያዩት የማኅበሩን ሥራ ሳይሆን የባሕረ ሐሳቡን ስሌት ነው። መፍትሔው በወር ማወዳደሩን ትቶ «ከጾሙ መግቢያ በፊት ያሉት 30 ቀኖች»፣ «55ቱ የጾም ቀኖች» እና «ከፋሲካ ቀን ጀምሮ ያሉት 30 ቀኖች» ብሎ በቀን አማካይ ማስቀመጥ ነው። በዓመት ሦስት ባር ይበቃል።

አሁን ወደ ኤክሴል ቀኖች። «30/02/2016» ብለው ጥቅምት 30ን ሲጽፉ ፕሮግራሙ የሚያነበው «ፌብሩዋሪ 30» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ቀን መሆኑን ሳይቀበል እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች ዕጣዋ ይኸው ነው። ሲደረደሩ ኤክሴል ቁጥርን ከጽሑፍ ያስቀድማል፤ መጨረሻ ላይ ተሰባስበው የሚያገኟቸው እነዚህ ናቸው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አምዱ ላይ ቀን ተብለው የተያዙት በቀኝ በኩል፣ ጽሑፍ ሆነው የቀሩት በግራ በኩል ይጠጋሉ። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ተስተካክሎ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ከ12 በላይ የሆኑ ቀኖች ሁሉ ጽሑፍ ይሆናሉ፤ ከ1 እስከ 12 ያሉት ደግሞ ቀኑ በወር፣ ወሩ በቀን ተለዋውጦ ይገባል፤ ያንን ደግሞ ምንም ምልክት አያሳብቅበትም።

ስለዚህ የቀን አምድ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለው ሦስት አምድ ይክፈቱና ተራ ቁጥር ያስገቡ። በአራተኛው አምድ የዓመቱን ስንተኛ ቀን እንደሆነ ያስሉ፦ ከወሩ ቁጥር 1 ይቀንሱ፣ በ30 ያባዙ፣ ቀኑን ይደምሩ። ጥቅምት 30 ማለት 2 ሲቀነስ 1፣ ያ በ30 ተባዝቶ፣ 30 ተደምሮ 60 ነው። ጳጉሜን 5 ደግሞ 365 ይመጣል። የእኛ ወሮች እኩል ስለሆኑ ይህ ስሌት ያለ ምንም ሠንጠረዥ ይሠራል፤ በፈረንጆቹ ይህን ያህል አይቀልም። ግራፉን በዚህ አምድ ላይ ሥለው የወሮቹን ስም በ1፣ በ31፣ በ61 ላይ ይጻፉ። ሰኔ 30 በሚዘጋ ዓመት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ሐምሌ 1 ከ301 ይጀምራል፤ ከ300 የሚበልጡት ላይ 300 ይቀንሱ፣ መስከረምና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ 65 ይደምሩ፤ ባለ ስድስት ጳጉሜን ዓመት ካለፈ 66።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ያለፉት ተማሪዎች ድርሻ አምና 92፣ ዘንድሮ 95 በመቶ ነው። ባር ግራፉ ላይ ግን ዘንድሮ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ወጣ። እኔ ምንም አልነካሁም። (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ እርስዎ ባይነኩትም ኤክሴል ነክቶታል። ትንሹ ቁጥር ከትልቁ ስድስት እጅ አምስቱን፣ ማለትም 83 በመቶ ገደማውን ካለፈ ኤክሴል ቋሚውን ዘንግ በራሱ ፈቃድ ከዜሮ ከፍ አድርጎ ይጀምረዋል። 92 ለ95 ሲካፈል 97 በመቶ ስለሆነ ደንቡ ይነካዎታል። ዘንጉ ከ90 ቢጀምር አንዱ ባር 2፣ ሌላው 5 ነጥብ ቁመት ይኖረዋል፤ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ዘንጉን ሁለቴ ተጭነው «ሚኒመም» የሚለው ሣጥን ውስጥ 0 ይጻፉ። ባር በርዝመቱ ስለሚነበብ ከሥሩ ተቆርጦ መቆም አይችልም።

መስመርና ነጥብ ግን ይህ ግዴታ የለባቸውም። የበሽተኛ ሙቀት ከ36 እስከ 40 ዲግሪ ሲዋልል ከዜሮ ጀምረው ቢሥሉት ትኩሳቱ ቀጥ ያለ መስመር መስሎ ይጠፋል። እርስዎም የ3 ነጥቡ ለውጥ በግልጽ እንዲታይ ከፈለጉ ያላለፉትን ይሣሉ፤ ከ8 ወደ 5 በመቶ መውረዱ ከዜሮ በሚጀምር ባር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እውነትም ነው። ርዕሱ ላይ ግን «ያላለፉ» የሚለው ቃል ጎልቶ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ባር ግራፍን የጀመረው ማን ነው? ልጄ ለክፍል ሥራ ተጠይቃ ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ነው፣ በ1786 እ.ኤ.አ.። የመስመር ግራፍን ለኢኮኖሚ ቁጥር ያዋለው እሱ ሲሆን ባሩን የሣለው ደግሞ ቸግሮት ነው። የስኮትላንድን ንግድ ሊያሳይ ሲል የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ስለነበረው በጊዜ የሚጓዝ መስመር መሥራት አልቻለም፤ አገሮቹን በባር ደረደራቸው። ፓይ ቻርትም የእሱ ነው፤ በ1801 እ.ኤ.አ.።

ጥያቄ፦ ሂስቶግራምና ባር ግራፍ ልዩነታቸው ባሮቹ መጠጋታቸው ብቻ ነው? የ64 ተማሪዎችን ከመቶ የተያዘ ውጤት ልሠራ ነው፤ ስንት ቦታ ልክፈለው? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ መጠጋጋቱ ምልክቱ እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ባር ግራፍ የሚያወዳድረው ስም ያላቸውን ነገሮች ነው፤ ቡና፣ ሰሊጥ፣ ቆዳ። ቦታቸውን ቢያለዋውጡ ትርጉሙ አይጠፋም። ሂስቶግራም ግን አንድ የቁጥር መስመር ተቆራርጦ በየክፍሉ ስንት ሰው እንደዋለ የሚቆጥር ነው፤ 40ዎቹን ከ70ዎቹ በኋላ ማስቀመጥ አይቻልም። በክፍሎቹ መካከል ባዶ የሚታይ ከሆነ እዚያ ውስጥ ማንም የለም ማለት ነው።

ለብዛቱ ሁለት የተለመዱ ስሌቶች አሉ። የ64 ካሬ ሥር 8 ነው። የስተርጅስ ቀመር የሚባለው ደግሞ 64 ከ2 ስንት ጊዜ ተባዝቶ እንደመጣ ቆጥሮ 1 ይጨምራል፤ 6 ሲደመር 1፣ ሰባት። ስለዚህ ሰባት ወይም ስምንት። ነገር ግን በ13 በ13 የሚቆጠር ክፍል ማንም አያነብም፤ ውጤቱ ከ20 እስከ 95 ከተዘረጋ በ10 በ10 ይክፈሉት፣ ስምንት ይሆንልዎታል።

ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ወሰኑን ነው። ማለፊያው 50 ከሆነ 50 ያገኘው ተማሪ የት ይውላል? የኤክሴል ሂስቶግራም የላይኛውን ወሰን ከታችኛው ክፍል ጋር ይቆጥራል። ከ40 እስከ 50 የሚለው ባር ልክ 50 ያገኙትን ይጨምራል፤ ያለፉ ተማሪዎች ከወደቁት ባር ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ። «ቢን ዊድዝ» የሚለውን 10፣ «አንደርፍሎው ቢን» የሚለውን 19.5 ካደረጉት ወሰኖቹ 29.5፣ 39.5፣ 49.5 እያሉ ይሄዳሉ፤ ከሁለቱ ወገን ሊሆን የሚችል ተማሪም አይኖርም።

የክፍሎቹ ስፋት እኩል ካልሆነ ቁመቱ ብዛት መሆኑ ይቀርና ብዛቱ ለስፋቱ የተካፈለ ይሆናል። የሕዝብ ዕድሜ ከ0 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 64 ተብሎ ሲከፈል ሦስተኛው ክፍል 50 ዓመት ይይዛል፤ የመጀመሪያው 5 ብቻ። ብዛቱን እንዳለ ቢያቆሙት አገሩ በሙሉ ጎልማሳ ይመስላል።

ዕድሜ ካነሣን አይቀር፣ የአገራችንን የሕዝብ ቆጠራ በአንድ በአንድ ዓመት ዕድሜ የሠራ ሰው 20፣ 25፣ 30፣ 35፣ 40 ላይ ረጃጅም ባሮች ያገኛል። 30 ዓመት የሆናቸው ከ29ና ከ31 ዓመቶቹ እጅግ ይበዛሉ። በእነዚያ ዓመታት ሰው በብዛት ስለተወለደ አይደለም። የልደት ቀኑ ያልተጻፈለት ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቀው ቁጥር ይጠጋል፤ አንዳንዴም መላሹ ጎረቤት ነው። ክፍሉን በአምስት ዓመት ካሰፉት ባሮቹ ይለዝባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በጠባቡ ሥለው ዳታው ምን ያህል እንደታመመ ይዩ፤ ለአንባቢ የሚያቀርቡትን ከዚያ በኋላ ያስፉ። ሕመሙን በቁጥር መለካት ከፈለጉ ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ውስጥ በ0 እና በ5 የሚያልቁትን ይደምሩ፣ በ5 ያባዙ፣ ለጠቅላላው ያካፍሉና በ100 ያባዙ። 100 ከመጣ መጠጋጋት የለም፤ 500 ከመጣ ሁሉም ሰው ዕድሜውን አጠጋግቷል። የዊፕል መለኪያ ይባላል።

ጥያቄ፦ የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራዎችን በመስመር ግራፍ አገናኝቼ «ዕድገቱ በጣም ፈጥኗል» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ መስመሩ ልክ አይደለም አሉኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መምህርዎ እውነት አላቸው። ኤክሴል በመስመር ግራፍ ላይ ዓመቶቹን እንደ ስም ስለሚይዛቸው እኩል ያራርቃቸዋል። ቆጠራዎቹ ግን እኩል አልተራራቁም። የመጀመሪያው ግንቦት 1976፣ ሁለተኛው ጥቅምት 1987፣ ሦስተኛው በአብዛኛው አገር ግንቦት 1999 ነው። የመጀመሪያው ርቀት 10.4 ዓመት ገደማ ሲሆን ሁለተኛው 12.6 ነው። ሕዝቡ ኤርትራን ሳይጨምር 40 ሚሊዮን ገደማ፣ ከዚያ 53.5፣ ከዚያ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ጭማሪው 13.5 እና 20.5 ሚሊዮን ስለሆነ እኩል በተራራቀ ግራፍ ላይ ሁለተኛው አቀበት ከመጀመሪያው በግማሽ ያህል ይብሳል። በዓመት ሲካፈል ግን ከ1.3 ወደ 1.6 ሚሊዮን ነው፤ ሩብ ያህል ብቻ።

መፍትሔው «ስካተር» የሚባለውን ግራፍ ከነማገናኛ መስመሩ መምረጥ ነው፤ እሱ ዓመቱን እንደ ቁጥር ያነባል። ግንቦት 1976ን 1976.7፣ ጥቅምት 1987ን 1987.1፣ ግንቦት 1999ን 1999.7 ብለው ያስገቡ። በነገራችን ላይ 42.6 ሚሊዮን የሚለውን የ1976 ቁጥር ተጠቅመው ከሆነ ያ ኤርትራን የጨመረ ነው፤ ከኋለኞቹ ጋር በአንድ መስመር አይገናኝም።

ጥያቄ፦ ዝናብንና ሙቀትን በአንድ ግራፍ በሁለት ዘንግ መሥራት ነውር ነው የሚሉ አሉ። (የጂኦግራፊ መምህርት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ለዝናብና ለሙቀት አይደለም፤ የቆየ ስምምነት ስላለው። ዝናቡ በባር፣ ሙቀቱ በመስመር ይሄዳል። በዋልተርና ሊት የአየር ንብረት ዲያግራም ሁለቱም መስመር ሆነው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ትይዩ ይቆማል። የዝናቡ መስመር ከሙቀቱ በታች የወረደበት ወር ደረቅ ነው ይባላል። ዝናቡ 100 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ መለኪያው ይጠብባል፤ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ያለው ክረምት ከወረቀቱ እንዳይወጣ ነው።

ነውሩ የሚመጣው እንዲህ ያለ ስምምነት በሌለበት ነው። ዋጋና የሽያጭ ብዛት በሁለት ዘንግ ሲቆሙ ሁለቱ መስመሮች የት እንደሚቋረጡ የሚወስነው ሠሪው የመረጠው መለኪያ ነው፤ መለኪያውን ቢለውጡት መገናኛቸው ይንቀሳቀሳል። ሁለት ግራፎችን አንዱን ከሌላው በላይ አድርገው በአንድ የጊዜ ዘንግ ይሥሯቸው። አለበለዚያ የመጀመሪያውን ወር 100 አድርገው ሁለቱንም ወደ እሱ ይቀይሩ፤ 80 ብር የነበረ ዕቃ 92 ከገባ 115 ይሆናል። መነሻ የሚያደርጉት ወር ግን የበዓል ወር አይሁን።

ጥያቄ፦ አማካዩንና ኮሪሌሽኑን (የሁለት ተለዋዋጮችን የዝምድና መጠን) ካሰላሁ ግራፍ ለምን ያስፈልገኛል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ በ1973 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸው አራት ዳታዎች አቀረበ። በአራቱም የአንዱ ተለዋዋጭ አማካይ 9፣ የሌላው 7.5፣ ኮሪሌሽናቸው 0.82 ገደማ ነው። ሲሣሉ አንዱ ተራ ብትን፣ አንዱ ቆልማማ መስመር፣ አንዱ በአንድ ወጣ ባለ ነጥብ የተበላሸ ቀጥ ያለ መስመር ነው። አራተኛው ደግሞ ከአንዲት ነጥብ በቀር ሁሉም በአንድ ቋሚ ላይ የተደራረቡበት ነው። ስሌቱ አራቱን አይለያቸውም፤ ስካተር ፕሎት ግን በቅጽበት ይለያቸዋል።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ ያለ ዕድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። የዓመቱን ገቢና ወጪ ለአባላት በግራፍ ላቀርብ አስቤ ነበር። ገቢን በአረንጓዴ፣ ወጪን በቀይ አድርጌ ብልከው የታተመው ወረቀት ላይ ሁለቱም ግራጫ ሆኑ። በስልክ ያዩት ደግሞ የአማርኛው ጽሑፍ ሣጥን ሣጥን ሆነብን አሉ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ቀይና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ተቀራራቢ ግራጫ ይሆናሉ። ቀለም ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎችም በብዛት የሚያምታታቸው ይህ ጥንድ ነው፤ ከአባላቱ መካከል መኖራቸው አይቀርም። አንዱን ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላውን ፈዛዛ ብርቱካንማ ያድርጉ፤ ከዳር ያለውን የቀለም መፍቻ ሣጥን አጥፍተው «ገቢ» እና «ወጪ» የሚለውን ቃል እባሮቹ ላይ ይጻፉ።

ሣጥን ሣጥን የሚሆነው የተቀባዩ ስልክ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ሳያገኝ ሲቀር ነው። ፋይሉን ራሱን አይላኩ፤ ግራፉን በቀኝ ቁልፍ ተጭነው እንደ ሥዕል ያስቀምጡትና ሥዕሉን ወይም ፒዲኤፉን ይላኩ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራላችሁ ልጅ ካለ፣ ማትፕሎትሊብ የሚባለው የግራፍ መሥሪያው ከራሱ ጋር የሚመጣው ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ሣጥኑ ከመጀመሪያውም ይመጣል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ጭኖ ስሙን በ«ፎንት ፋሚሊ» ላይ ያስገባ።

ለዕድር ሒሳብ ግን ጎን ለጎን ከሚቆም ባር ይልቅ «ዋተርፎል» የሚባለውን እንመክራለን፤ ከኤክሴል 2016 ጀምሮ አለ። ካምና የዞረው ገንዘብ በመጀመሪያው ባር ይቆማል። የአባላት መዋጮ ከእሱ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለሐዘንተኛ የተከፈለው፣ የአዳራሽ ኪራይና አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የወጣው እያንዳንዱ ካለፈው ጫፍ ቁልቁል ይወርዳል። በመጨረሻ የቀረው በባንክ ያለው ነው። አባሉ ገንዘቡ የት የት እንደሄደ በጣቱ እየተከተለ ያያል። ሠንጠረዡ ሁለት አምድ ብቻ ነው፤ ወጪዎቹን የመቀነስ ምልክት አድርገው ያስገቡ። ኤክሴል የመጨረሻውን ቁጥር ተጨማሪ ገቢ አድርጎ ከላይ ይቆልለዋል፤ ባሩን ብቻውን መርጠው በቀኝ ቁልፍ «ሴት አዝ ቶታል» ሲሉት ከዜሮ ተነሥቶ ይቆማል። ከመጨረሻው ወጪ በኋላ የቀረው ከባንክ ደብተሩ ጋር ካልገጠመ በመሀል የተዘለለ ገቢ ወይም ወጪ አለ።